የእትዬ ትምህርት ቤት

ሚጣ የሚሏት ቤት ውስጥ ነው። የመጨረሻ ልጅ ስለነበረች በሕፃንነቷ የወጣላት ስም ጸጉሯ መሸበት ከጀመረ ወዲህም አልለቀቃትም፤ ባሏ እንኳ በዚሁ ነው የሚጠራት። ከቤት ውጭ ግን የተከበረች ርዕሰ መምህርት ናት። አስተማሪ የሚሸሸው፣ ተማሪ አጥር ዘሎ የሚጠፋበት ትምህርት ቤት ተሰጥቷት፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወላጆች ልጅ ለማስመዝገብ የሚጋፉበት አድርጋዋለች። እንዴት እንዳደረገችው ሲጠይቋት "ምንም አላደረግኩም፤ ክፍል እየገባሁ ተቀመጥኩ" ትላለች። እውነቷን ነው። ከቢሮዋ ይልቅ በየክፍሉ የኋላ ወንበር ላይ ነበር የምትገኘው።

አንድ ቀን ጠዋት የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አስጠሯት። ኃላፊው ከወንበራቸው ጋር አብረው ያረጁ፣ ሳል የማይለያቸው፣ ነገር ማንዛዛት የማይወዱ ሰው ናቸው።

"ትምህርት ቤትሽን ለምክትልሽ ልቀቂለት" አሏት ገና ሳትቀመጥ።

ክው አለች። "ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። አምስት ትምህርት ቤት ልሰጥሽ ነው።"

ሱፐርቫይዘር ልትሆን ነው። አምስቱን እየዞረች ትምህርቱን ልታይ፣ ርዕሳነ መምህራኑን ልትደግፍ፣ የደከመውን ልታነሳ። ኃላፊው የትምህርት ቤቶቹን ስም በጣታቸው እየቆጠሩ ነገሯት። መጨረሻ ላይ የጠሩትን ስትሰማ ሚጣ እስከ ወንበሩ ጫፍ ድረስ ተሳበች።

"እሱ እኮ የእህቴ ትምህርት ቤት ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታላቄ ናት፤ ያሳደገችኝ ናት። እኔ እንዴት አድርጌ ነው እሷን..."

"ከአንቺ በፊት ሁለት ሰው ልኬ ነበር" አሉ ሳላቸውን ዋጥ አድርገው። "ሁለቱም ገብተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ ስቀው፣ በር ድረስ ተሸኝተው መጡ። ምን አያችሁ ስላቸው 'ደስ የምትል ሴትዮ ናት' አሉኝ። ደስ የምትል መሆኗን እኔም አላጣሁትም። ልጆቹ ግን አምስተኛ ክፍል ሲደርሱ እንደ ቅጠል ይረግፋሉ። ለምን እንደሆነ የሚነግረኝ አጣሁ። አንቺን በሳቅ ልትሸኝሽ አትችልም።"

ባሏ መካኒክ ነው። ነገሩን ስታዋየው እጁን በጨርቅ እየጠረገ "እምቢ በይ" አላት። "ከእትዬ ጋር የተኳረፋችሁ ቀን እኔ ነኝ መድረሻ የማጣው።" ሳቀች። እትዬ ከእሷ ይልቅ ለእሱ እንደምታደላ ዘመድ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ቢሆንም እምቢ አላለችም። ሥራው ያጓጓት ነበር፤ ለራሷ አልዋሸችም። ደግሞም፣ ሌላ ባዕድ ሰው ገብቶ እህቴን ከሚያዋርዳት እኔ ብገባ ይሻላል ብላ አሰበች።

እትዬ የመጀመሪያዋ ናት፤ ሚጣ የመጨረሻዋ። እናታቸው ስትሞት ሚጣ ገና ከእንቅልፏ ስትነሳ የምታለቅስ ልጅ ነበረች፤ እትዬ ደግሞ አዲስ አስተማሪ፣ አዲስ ሙሽራ። ሚጣን በእጇ ይዛ ነው ወደ ትዳሯ የገባችው። ባልየውን "ከነጓዜ ነው የመጣሁልህ" ብላ እንዳሳቀችው ዛሬም ይወራል። አሳደገቻት፣ አስተማረቻት፣ ዳረቻት። ሚጣ አስተማሪ የሆነችውም እትዬ አስተማሪ ስለሆነች ነው፤ ሌላ ምክንያት ኖሯት አያውቅም።

ሹመቱን ልትነግራት ቤቷ ስትሄድ እትዬ ጓሮ አንሶላ ስታሰጣ አገኘቻት። ሰምታ ሳትጨርስ እልል ልትል ምንም አልቀራት።

"እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ! በይ አሁን ጣራዬን አሠሪልኝ።"

"ጣራ አይደለም የምሠራው፣ እትዬ።"

"ታዲያ ምን ልትሠሪ ነው?"

"ክፍል እየገባሁ ትምህርቱን ላይ ነው።"

"ግቢ! ማን ከለከለሽ? ቤትሽ አይደል እንዴ?" አለችና የአንሶላውን አንድ ጫፍ አስያዘቻት። አንሶላውን ግራና ቀኝ ይዘው ሲጨምቁ፣ ሚጣ እህቷ ደስ ብሏት ስታወራ እያየች፣ ኃላፊው ያሉትን ሳትነግራት ቀረች።

የእትዬ ትምህርት ቤት ከገበያው ጀርባ፣ ከእንጨት መሰንጠቂያው አጠገብ ነው። ቀኑን ሙሉ የመጋዝ ድምፅ አይለየውም፤ ነፋስ ሲነሳ ሰጋቱራው በመስኮት እየገባ ደብተር ላይ ያርፋል። ጣራው እውነትም ያፈሳል። ግን ሚጣ የመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ቆማ ያየችውን በሌሎቹ አራት ትምህርት ቤቶች አላየችም። ልጆቹ እየሮጡ ነው የሚገቡት። እትዬ በር ላይ ቆማ እያንዳንዱን በቅጽል ስሙ ትጠራለች፤ "ነጎድጓድ"፣ "ንግሥቲቱ"፣ "የኔ ጠበቃ"፤ የአንዱን ኮሌታ ታስተካክላለች፣ የሌላዋን አፍንጫ ትጠርጋለች፣ ጉንጫቸውን ትስማለች። በግቢው ውስጥ ዱላ የሚባል ነገር የለም። ቢሮዋ ውስጥ፣ ከጠረጴዛዋ አጠገብ፣ በብርድ ልብስ የተነጠፈ ሰፊ ካርቶን አለ፤ ካርቶኑ ውስጥ ሕፃን ተኝቷል። የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ልጅ ነው። የሚይዝላት አጥታ ሥራ ልትለቅ ስትል እትዬ "እኔ ምን ሠርቼ ነው የምውለው? አምጪው" አለቻት፤ ይኸው ዓመቱን ሙሉ ርዕሰ መምህርቷ ጡጦ ይዛ ስብሰባ ትመራለች።

ሚጣ አራተኛ ክፍል ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ትምህርቱ ሲያልቅ ጸጉሯ ለሁለት የተጎነጎነ አንዲት ልጅ አጠገቧ ጠርታ እንድታነብላት ጠየቀቻት። ልጅቷ መጽሐፏን ገልጣ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ጀመረች። ስለ አንድ ወንዝ ነው። ድምጿ እንደ ወራጅ ውሃ ነው፤ አትደናቀፍም። ሚጣ ደስ ብሏት በማዳመጥ ላይ ሳለች አንድ ነገር ከነከናትና ዝቅ ብላ ገጹን አየች። ገጹ አረፍተ ነገሩ ሳይጠናቀቅ አልቋል። የልጅቷ ጣት የመጨረሻው መስመር ጫፍ ላይ ቆሟል። አፏ ግን አልቆመም። ያልተገለጠውን ገጽ እያነበበች ነው።

ሚጣ ቀስ ብላ መጽሐፉን ሌላ ቦታ ገለጠችና አንዲት ቃል ላይ ጣቷን አሳረፈች። "ውሃ" ትላለች።

"ይቺን አንብቢልኝ።"

ልጅቷ ቃሏን አየቻት፤ ጣራውን አየች፤ ከዚያ ፈገግ ብላ "ይቺን ገና አልተማርናትም" አለች።

ያን ቀን ሚጣ የክፍሉን ልጅ ሁሉ አንድ በአንድ አስነበበች። ከጥቂቶቹ በስተቀር ሁሉም እንደዚያው ነበሩ። ጎበዝ አድማጮች፣ ጎበዝ ሸምዳጆች። ክፍሉ ዘፈን እንደሚያጠና መጽሐፉን በጆሮው አጥንቶታል።

እትዬ ቢሮ ስትገባ እህቷ ሕፃኑን ትከሻዋ ላይ ጥላ እያስገሳች ነበር።

"እትዬ፣ አያነቡም።"

"እነማን?"

"አራተኛ ክፍሎቹ። በቃላቸው ነው የሚሉት።"

"እንግዳ አይተው ደንግጠው ነው።"

"አልደነገጡም። እየሳቁ ነው 'ያነበቡልኝ'።"

እትዬ የሕፃኑን ጀርባ መታ መታ ማድረጓን አላቆመችም። "ሚጣ፣ እነዚህ ልጆች ከየት እንደሚመጡ ታውቂያለሽ? ሌላ ትምህርት ቤት ተገርፈው የሸሹ አሉ። እናታቸውን አስታምመው የሚመጡ አሉ። ሆዳቸው ባዶ ነው። እኔ ጋ የሚጮህባቸው የለም። ይሄ ቀላል ነገር መሰለሽ?"

"ቀላል አይደለም።"

"ታዲያ?"

"ደስ ብሏቸው ይመጣሉ፤ ሳያነቡ ይሄዳሉ።"

እትዬ ሕፃኑን ካርቶኑ ውስጥ መልሳ አስተኝታ ብርድ ልብሱን አስተካከለች። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ሳቁ አልነበረም። "በይ ሻይሽ ሳይቀዘቅዝ ጠጪ" አለች ብቻ።

ጥፋት ሚጣም አጠፋች። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የአምስቱን ትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን ሰብስባ፣ ልጆቹን እንዴት እንዳስነበበችና ምን እንዳገኘች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ዘርዝራ አሳየቻቸው። የትምህርት ቤት ስም አልጻፈችም። ስም ባልጽፍ ማንም አያውቅም ብላ ነበር፤ አምስት ሰዎች በተቀመጡበት ክፍል። ለእትዬ አስቀድማ አልነገረቻትም። ከርዕሳነ መምህራኑ አንዱ፣ አፉን የማይጠብቅ ሰው፣ ወደ ሰሌዳው እያመለከተ "ኧረ ይሄ ታች የወደቀው የማነው?" አለ። ሰው ሁሉ አቀረቀረ። አንዷ ብዕሯ የወደቀባት መስላ ጠረጴዛ ስር ገባች።

እትዬ ተነሳች። ነጠላ ጫማ የለመደ እግሯ ላይ ያን ቀን የስብሰባ ጫማዋን አድርጋለች።

"የኔ ነው" አለች። ከዚያ ወደ ሚጣ ዞራ፣ "ስለ ማብራሪያው እናመሰግናለን። እርስዎ እንዳዘዙን ለማሻሻል እንጥራለን።"

እርስዎ። ሚጣ ጠመኔውን አስቀመጠች። የቀረውን ስብሰባ እንዴት እንደጨረሰችው አታስታውስም።

ከዚያ ወዲያ በእትዬ ትምህርት ቤት እንግዳ ሆነች። ሻዩ በእንግዳ ስኒ ይመጣላታል። የምትገባበት ክፍል አስቀድሞ ይዘጋጃል፤ ሰሌዳው ተወልውሎ፣ ጎበዞቹ ልጆች ፊት ተደርገው፣ ትምህርቱ ተለማምዶ። "ክፍሉ ዝግጁ ነው፣ ይግቡ" ትላታለች እትዬ ከአንገት በላይ ፈገግ ብላ። እሁድ እሁድ ስልክ መደወል ቀረ። ባሏ አንድ ሁለት ቀን ታገሰና "እህቴን መልሽልኝ" አላት፤ ቀልዱ ግን እሱንም አላሳቀውም።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሚጣ ታክሲ ስትጠብቅ የአንደኛ ክፍል አስተማሪዋ ልጇን አዝላ ከኋላዋ መጣች። ወጣት ናት፤ ስታወራ ግራና ቀኝ ታያለች።

"አንድ ነገር ልንገርዎት፤ እሳቸው እንዳይሰሙ ግን በሞቴ።"

"አይሰሙም። ንገሪኝ።"

"ልጆቹን እኔ ነኝ ያበላሸኋቸው። ማንበብ እንዴት እንደሚጀመር ማስተማር አላውቅበትም። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ ስለነበርኩ ነው አንደኛ ክፍል የተመደብኩት፤ እዚያው ቀረሁ። ቁጥራቸው ብዙ ነው፤ ድምፄ እስኪዘጋ እላለሁ፣ እነሱም ይላሉ፣ ደወል ይደወላል። ክረምት ገብቶ ሁለተኛ ክፍል ያልፋሉ።" ዓይኗ እንባ አቀረረ። "ለእሳቸው እንዴት ልንገራቸው? ልጄን እኮ የሚያጥቡልኝ እሳቸው ናቸው። አልቻልኩም ብላቸው 'አይዞሽ፣ ጎበዝ ነሽ' ይሉኛል። ከዚያ ምን እላለሁ?"

ሚጣ ታክሲው መጥቶ አለፋት። የትምህርት ቤቱ ሕመም ያኔ ነው ቁልጭ ብሎ የታያት። በግቢው ውስጥ ማንበብ በማስተማር የሚወዳደራቸው የሌለ አንድ አንጋፋ አስተማሪ አሉ፤ ልጆቹ ጋሽ መነጽር ይሏቸዋል። እሳቸው ግን የተመደቡት ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ወላጅ የሚያየው የመጨረሻውን ፈተና ውጤት ነውና። ታች ያለው ክፍል ለመጣው ሁሉ ይሰጣል። ክፉ ሰው የለበትም። ሁሉም ይዋደዳሉ፤ ስለሚዋደዱም ማንም ለማንም አይናገርም።

ለእትዬ ጋሽ መነጽርን ወደ አንደኛ ክፍል እንድታወርዳቸው ሐሳብ አቀረበችላት። እትዬ ደብዳቤ እያነበበች፣ ቀና ሳትል፣ "እኚህን ሽማግሌ አላዋርድም። ሌላ የሚፈልጉት ነገር አለ?" አለቻት።

የሚጣ ሪፖርት የሚደርስበት ጊዜ ተቃረበ። ያየችውን ጻፈች። አላጋነነችም፣ አልሸፋፈነችም። ጻፈችና ወደ ጽሕፈት ቤቱ ከመውሰዷ በፊት፣ ልጆቹ ወደየቤታቸው ከሄዱ በኋላ፣ እትዬ ቢሮ ይዛው ገባች።

"ላነብልሽ ነው የመጣሁት። ከሌላ ሰው እንድትሰሚው አልፈልግም።"

እትዬ እጇን አጣጥፋ አዳመጠች። የመሰንጠቂያው መጋዝ ቆሟል፤ የሚሰማው የሚጣ ድምፅና የሕፃኑ ትንፋሽ ብቻ ነበር። ስታነብ ሁለት ጊዜ ድምጿ ተቆራረጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ከአረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ደገመችው። 

"ይህን ሁሉ አንቺ ነሽ የጻፍሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ጎበዝ ጸሐፊ ወጥቶሻል" አለች እትዬ። "ስለ ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እየኮራሁብሽ ነበር የምሰማው።"

ኃላፊው ሪፖርቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። "እንግዲህ ትነሳለች" አሉ።

"ትነሳ አላልኩም! ትደገፍ ነው ያልኩት። ምን ምን ቢደረግላት እንደሚሻል ከታች ዘርዝሬያለሁ።"

"አይቼዋለሁ። አንቺ ያየሽውን ትነግሪኛለሽ፤ የምወስነው እኔ ነኝ።"

ሚጣ ከዚያ ቢሮ አልወጣም አለች። መጀመሪያ ተከራከረች፤ ቀጥሎ ለመነች። ሰው ስትለምን ያ የመጀመሪያዋ ነው። በመጨረሻ ኃላፊው ተሰላችተው "ዓመቱ እስኪያልቅ" አሏት። "አንቺም እዚያው ትውያለሽ። ካልሆነ ግን አብረሽ እንደምትወድቂ እወቂው።"

እትዬ ይህን ስትሰማ እንደ እሳት ነደደች። "ማን ለምኚልኝ አለሽ? እኔ ነኝ የሚለመንልኝ? እኔ!" ብድግ ብላ በሩን ከፍታ ቆመች፤ ውጪ ማለቷ ነው። ሚጣ ወጣች። መተላለፊያው ላይ ቆማ ልቧ እስኪረጋ ጠበቀች። ልትሄድ ስትል የእትዬን ድምፅ ሰማች፤ በመስኮት በኩል ከአራተኛ ክፍል ያቺን ጸጉሯ ለሁለት የተጎነጎነ ልጅ ጥሩልኝ ትላለች።

ልጅቷ መጽሐፏን ይዛ ገባች። በሩ አልተዘጋም ነበር። ሚጣ የወንዙን ታሪክ ከመተላለፊያው ሆና ሰማችው፤ ያው ድምፅ፣ ያለ መደናቀፍ። ከዚያ መጽሐፉ ሌላ ቦታ ሲገለጥ ተሰማ። "ይቺስ?" አለች እትዬ። "ይቺስ? ይቺኛዋስ?" "እነዚህን ገና አልተማርናቸውም" አለች ልጅቷ። እትዬ "ጎበዝ፣ ሂጂ ተጫወቺ" አለቻት፤ ልጅቷ እየዘለለች ወጣች።

"ግቢና በሩን ዝጊው" አለች እትዬ። መተላለፊያው ላይ መቆሟን አውቃለች።

ሚጣ ገባች። እትዬ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር።

"ይቺን ልጅ አንደኛ ክፍል ስትገባ በእጄ ይዤ ነው ያስገባኋት። አባቷ የሞተ ሰሞን ነው። በየጠዋቱ ስሜያታለሁ፤ አንድም ቀን አልዘለልኳትም።" ድምጿ ተሰበረ። "አንድም ቀን ግን አንብቢልኝ አላልኳትም።"

ሚጣ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።

በማግስቱ እትዬ ጋሽ መነጽርን አስጠራች። የሽማግሌው ጩኸት ግቢው ድረስ ተሰማ።

"አንደኛ ክፍል? እኔ? በዚህ ዕድሜዬ አፍንጫ ልጠርግ?"

"እኔ እጠርግልዎታለሁ" አለች እትዬ።

"ቀልዱን ተዪው! ሰው ምን ይለኛል? ዝቅ አደረጓቸው አይልም?"

"ይላል። እርስዎ ካልገቡ ግን ስምንተኛ ክፍል የሚደርስልዎት ልጅ አይኖርም። እስከዛሬ ያላዘዝኩዎት እኔ ፈሪ ስለሆንኩ ነው። አሁን ግን አዝዣለሁ።"

ሦስት ቀን አኮረፉ። በአራተኛው ቀን ጠመኔያቸውን ይዘው ገቡ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹን እሳቸው ያዙ፣ ግማሹን ወጣቷ አስተማሪ፤ ጠዋት ጠዋት እሷ ከኋላ ተቀምጣ እሳቸው ሲያስተምሩ ታያለች፣ ከሰዓት እሳቸው ተቀምጠው ያዩዋታል። መጀመሪያ ላይ እያጉረመረሙ ነበር፤ በኋላ ግን አንዷ የወተት ጥርሷን ነቅላ ያልጨረሰች ልጅ በራሷ የመጀመሪያ ቃሏን ስታነብ መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ወጣቷ አስተማሪ አይታቸዋለች። "ሰጋቱራ ገብቶብኝ ነው" ብለዋታል።

እትዬ በበኩሏ የጠዋቱን ጊዜ ለአራተኛ ክፍሎች ሰጠች። ቡድን ቡድን እያደረገች ቢሮዋ ታስገባቸዋለች፤ ከፊደል ጀምራ። ሚጣ ከሰዓት ትቀበላታለች። ሁለቱ ስለ ሥራው ብቻ ነበር የሚያወሩት፤ የትኛው ልጅ የት ደረሰ፣ የትኛዋ ቀረች፣ የማን ወላጅ ይጠራ።  ሌሎቹን አራት ትምህርት ቤቶች ሚጣ በሩጫ ነበር የምታዳርሳቸው፤ አፉን የማይጠብቀው ርዕሰ መምህር ግን የእትዬን ጉድ ሰምቶ እሱም ፈራ ተባ እያለ አንደኛ ክፍሉ ገብቶ እንዳየ ነገራት፤ ያየውን ግን ለመናገር ጥቂት ጊዜ እንድትሰጠው ለመናት።

ዓመቱ ሲያልቅ ሚጣ እንደገና አስነበበቻቸው። ሁሉም አላነበቡም። አንዳንዶቹ ዓመቱ ሳያልቅ ጠፍተው ቀርተዋል፤ ቤታቸው ድረስ ተሄዶም አልተገኙም። ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እየተንተባተቡም ቢሆን አዲስ ገጽ አነበቡ። ባለ ሁለት ጉንጉኗ ልጅ እንደ ድሮው እንደ ውሃ አልወረደችም፤ ቃል በቃል፣ ላብ በላብ ሆና ነበር የምትገፋው፤ ገጹ ሲያልቅ ግን ቆመች።

ኃላፊው ውጤቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ግን የመነሻ ደብዳቤዋ ከእጄ ወጥቷል። ከበላይ ጸድቆ መጥቷል።"

"ዓመቱ እስኪያልቅ ብለውኝ ነበር!"

"ዓመቱ አለቀ፣ ልጄ" አሉ። ሚጣ ፊታቸው ላይ ክፋት ፈለገች፤ ያገኘችው ድካም ብቻ ነበር።

ለእትዬ በመጻሕፍት ግምጃ ቤት አንድ ጠረጴዛ ተሰጣት። አልፈልግም ብላ ጡረታዋን ጠየቀች። የመጨረሻዋ ቀን ግቢው በልጅ ተሞላ። ጋሽ መነጽር ሊናገሩ ተነስተው ሳይናገሩ ተቀመጡ። ወጣቷ አስተማሪ ካርቶኑን እንደያዘች ተንሰቅስቃ አለቀሰች፤ ሕፃኑ አሁን ይድሃል፤ ካርቶኑን ከረሳው ቆይቷል። ሚጣ የእህቷን ዕቃ ተሸክማ መኪናው ድረስ ስትመላለስ አንድም አስተማሪ አላናገራትም። እትዬም ብትሆን "ቀስ በይ፣ ጠርሙስ አለው" ከማለት በቀር ምንም አላለቻትም።

ክረምቱ እንዲሁ በዝምታ አለፈ። ሚጣ ሥራውን ልትተወው አስባ መልቀቂያ ለመጻፍ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኗ ላይ የሚመጣባት የእነዚያ ልጆች ነገር ሆኖ ተወችው።

ትምህርት ሊከፈት ሲል አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ ሳትደውል መጣች። ለሚጣ ባል በዛ ያለ ሰላምታ ሰጠች፤ ለሚጣ ጉንጯን ብቻ። ባልየው ነገሩ ገብቶት መኪና ሥር ጠፋ። እትዬ ወጥ ቤት ገብታ ድንች የተቀመጠበትን ሳህን ሳበችና ቢላ አንስታ መላጥ ጀመረች። ትልጣለች ከማለት ትቀጣዋለች ማለት ይቀላል።

"ይቅርታ ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር" አለች ሚጣ። "ግን ስለ ምኑ እንደምጠይቅሽ አላወቅኩም። ስለ ስብሰባው እጠይቅሻለሁ። በሰው ፊት ስላዋረድኩሽ። ስለጻፍኩት ግን አልችልም፣ እትዬ።"

"ስለጻፍሽው አልጠየቅኩሽም።"

እትዬ የድንቹን ዓይን በቢላው ጫፍ ጎርጉራ አወጣች።

"ልክ ነበርሽ" አለች እትዬ። "ክረምቱን ሙሉ ሳስበው ልክ ነሽ። ግን ሳይሽ አሁንም ሆዴን ያመኛል። ምን ላድርገው? ይሄ ቶሎ የሚለቀኝ አይመስለኝም።"

"ይመምሽ። ብቻ አትጥፊ።"

እትዬ የላጠችውን ድንች ውሃ ውስጥ ጣለችና ሌላ አነሳች።

"በኔ ቦታ የመጣችው ልጅ ማን ናት?"

"ወጣት ናት። ጎበዝ ትመስላለች። ትፈራለች።"

"ማንን?"

"እኔን።"

እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። "እንዳታስፈራሪያት። ጋሽ መነጽርን ደግሞ መጀመሪያ እሷ ሄዳ ሰላም ትበላቸው፤ ቢሮ ካስጠራቻቸው ዓመቱን ሙሉ ያኮርፋሉ። ነጎድጓድ የሚባለው ልጅ ፊት ካልተቀመጠ ሰሌዳው አይታየውም፤ እምቢ ይላል፣ ታስገድደው። ያቺ ጉንጉኗ..." ድንቹን አስቀመጠች። "ያቺን በሳምንት አንድ ቀን እኔ ጋ ላኪያት። እቤት። አስነብባታለሁ።"

"እነግራታለሁ።"

"አትነግሪያትም፤ ትጽፊዋለሽ። መጻፍ ታውቂበት የለ?"

ሚጣ ሳቋ አመለጣት፤ እትዬ አልሳቀችም። ቢላዋን ግን አሁን ቀለል አድርጋ ያዘችው፤ ልጣጩም እየቀጠነ መጣ። ሚጣ ወረቀት ፈልጋ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀመጠች፤ እህቷ እየላጠች የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ትነግራት ጀመር።